አኳፖኒክስ በጓሮ፦ ከዓሣው በፊት ውሃው

15 የቆሮሶ ጫጩት አምጥተን በ9ኛው ቀን አንድም አልቀረልንም። ምግባቸውን በሰዓቱ እንሰጣለን፣ ፓምፑ ይሠራል፣ ውሃው ኩልል ያለ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ግን አብዛኞቹ ሞተው ተንሳፈዋል፤ ሁለቱ ብቻ ውሃው ላይ ወጥተው አየር እየለመኑ ነበር፣ እነሱም እስከ ምሳ አልቆዩም። በንዴት የሸጠልን ሰው ጋ ደወልን። ሰውየው ጨርሰን እስክንናገር ጠብቆ "ውሃው ስንት ሳምንት ሆኖታል?" አለን። ሳምንት? በርሜሉን የሞላነው እኮ ዓሣዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው።

ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ነገር ቀላል ይመስላል። ዓሣው ከታች፣ ሰላጣው ከላይ፣ መሃል ላይ ፓምፕ፣ በቃ። አኳፖኒክስ ማለትም ይሄው ነው፤ ዓሣ ማርባትንና ያለ አፈር አትክልት ማብቀልን በአንድ ውሃ ማገናኘት። ነገር ግን ቪዲዮው ላይ የማይታይ ሦስተኛ እንስሳ አለ ብንል ይቀላል፤ ትክክለኛ ስሙ ባክቴሪያ ነው። እኛ ዓሣና አትክልት ገዝተን እሱን ረስተነው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ከበላ በኋላ በስንጥቡም በኩስና በሽንቱም አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያ ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ኩልል ያለ ውሃ መርዝ ሊሆን ይችላል። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን ውሃው ብዙ ነው፣ ይሟሟል። 200 ሊትር በርሜል ውስጥ ግን ዓሣው የገዛ ቆሻሻውን መልሶ ይተነፍሳል። ከዚህ የሚያድኑት ጠጠሩና የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ ናይትራይትም ዓሣ ይገድላል። ሁለተኛዎቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ለዓሣው ብዙም አይጎዳም፣ ለሰላጣው ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ሰንሰለቱ ከተሟላ በኋላ ነው "ዓሣው አትክልቱን ይመግበዋል" የሚባለው።

ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። ሞቃት ውሃ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ስለሆነችና ሌሊቷ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሁለት ወር ቢፈጅባችሁ አትደነቁ።

ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ዓሣ አላስገባንም። ፓምፑን ከፍተን በየቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ መኖ ባዶው ውሃ ውስጥ እንጥላለን፤ መኖው ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያዎቹም ምግብ ያገኛሉ። አከራያችን ይሄን ሲያዩ "እናንተ ልጆች፣ ዓሣው የታለና ነው የምታበሉት?" አሉን። "እትዬ፣ የማይታይ ነገር ነው የምናበላው" ስንላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። እውነት ለመናገር በሦስተኛው ሳምንት እኛም ሳንጠራጠር አልቀረንም፣ ምክንያቱም የሚታይ ለውጥ የለም። ለዚህ ነው የውሃ መመርመሪያ ኪት የግድ የሚሆነው። የጌጥ ዓሣ የሚሸጡ ቤቶች ጠብታ ያለበትን ጠይቁ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፣ ከዚያ እሱ እየወረደ ናይትራይቱ ይወጣል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ አጠገብ ይወርዱና ናይትሬት ይታያል። ዓሣ የሚገባው ያኔ ነው። በኋላም ቢሆን አሞኒያውና ናይትራይቱ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች መቆየት አለባቸው። የሚያውቁት ሰው አኳሪየም ያለው ካለ የቆሸሸ የማጣሪያ ስፖንጅ ለምኑትና በርሜላችሁ ውስጥ ጨምቁት፤ ባክቴሪያው ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ጊዜው ያጥርላችኋል።

አሁን ወደ ዕቃው። ሁለት ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ዘይት ወይም ጁስ የነበረበት ይሁን፤ ኬሚካል የነበረበትን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። አንዱ በቁሙ የዓሣ ቤት ይሆናል። ሌላውን በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ብሎኬት ላይ አጋድሙት፤ አትክልቱ የሚበቅልበት መደብ ይሄ ነው፣ ሁለቱ ግማሾች ተደምረው አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። መደቡ ከዓሣው በርሜል ከፍ ማለት አለበት፣ ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ በራሱ እንዲመለስ። ቪዲዮዎቹ ላይ ውሃውን እየሞላ በራሱ የሚያራግፍ የቱቦ ዘዴ ታያላችሁ፤ ቆንጆ ነው፣ ለጀማሪ ግን ራስ ምታት ነው። ውሃው በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ውሃው ከጠጠሩ ወለል 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም፣ አለበለዚያ ላዩ አልጌ ያበቅላል።

መደቡን የምትሞሉት በአፈር ሳይሆን በድንጋይ ነው። እኛ ሬዳሽ ተጠቀምን፤ ቀዳዳ ስላለው ለባክቴሪያ ብዙ ማረፊያ አለው፣ ቀላልም ነው። ግን እጠቡት! ቀዩ ውሃ እስኪጠራ ድረስ ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። ሌላ ጠጠር የምትጠቀሙ ከሆነ ትንሽ ወስዳችሁ አቼቶ አፍስሱበት። ከተንተከተከ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል፣ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ አሞኒያ ይበልጥ ይመርዛል። ጥሩው ከ6 እስከ 7 ያለው ነው። ቱቦና መገጣጠሚያው ፕላስቲክ ይሁን፤ መዳብና ዚንክ ለዓሣ መርዝ ናቸው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በረንዳ ላይ ከመሥራታችሁ በፊት ይሄን አስቡ፦ 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው። ድንጋዩና ብሎኬቱ ገና አልተቆጠረም። እኛ አንሞክረውም።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይገድላል። ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ቀን እያማሰላችሁ አስቀምጡት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ አንድ ተጨማሪ በርሜል ወይም ጀሪካን ለዚህ ብቻ መድቡ፤ ሲጎድል የምትሞሉት ካረፈው ውሃ ነው እንጂ በጎማ ቀጥታ ከቧንቧ አይደለም።

ዓሣውን በተመለከተ፣ ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። በደንብ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከ20 በታች ሲሆን ምግብ ይቀንሳል፣ እድገቱም ይጎተታል፣ ብርዱ ከበረታ ይሞታል። ሀዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ባቱ፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። አዲስ አበባ ላይ ግን ወይ በርሜሉን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ወይ ብርድ የሚችል ዓሣ ትመርጣላችሁ። ካርፕ ይችላል። ለመለማመድ ብቻ ከሆነ ጎልድፊሽም ይሆናል፤ አይበላም እንጂ ሰላጣውን ይመግባል። የዓሣ ጫጩት የምትፈልጉ ሰበታ ያለውን የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጠይቁ፤ ጫጩት በማራባት ሥራው ይታወቃል።

ስንት ዓሣ? እኛ 15 ያስገባነው "ብዙ ከሆነ ብዙ እንበላለን" ብለን ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣው የአነስተኛ አኳፖኒክስ መመሪያ፣ ለ1,000 ሊትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ዓሣ ይላል። ለ200 ሊትር ዝቅተኛውን ስንወስድ 2 ኪሎ ነው፤ ሲያድጉ ሩብ ሩብ ኪሎ የሚመዝኑ 8 ዓሣዎች። እነዚህ በቀን የክብደታቸውን 2 በመቶ ቢበሉ 40 ግራም መኖ ይሆናል። ያው መመሪያ ለአንድ ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ ያስፈልጋል ስለሚል፣ ሁለቱ በርሜሎች ይመጣጠናሉ። ፉርሽካና ፋጉሎ እንዲሁ መበተን ለኩሬ ሊሆን ይችላል፤ በርሜል ውስጥ ግን የማይበላው ደቃቅ ተቀምጦ ይበሰብሳል። ተንሳፋፊ መኖ ይሻላል፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልበሉትን አውጡት።

ከዚህ ሒሳብ የምትረዱት፣ በዚህ መጠን ሀብታም አይኮንም። 8 ዓሣ ለማረድ ብዙ ወራት መጠበቅ አለ፣ ሰላጣውም በአንድ ዙር 20 ራስ ገደማ ነው። ሰላጣ ብቻ የፈለገ ሰው ከጉሊት ቢገዛ ይረክሰዋል። "በበርሜል ዓሣ በወር ይሄን ያህል ብር" የሚሏችሁን አትመኑ።

ኤሌክትሪኩስ? አከራያችንን ያስጨነቃቸው እሱ ነበር። 20 ዋት ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ በወር 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይሄን ቁጭ ብለን አስልተን ስናሳያቸው ተስማሙ። ፓምፕ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ውሃው ወደ ላይ ሳይወጣ የሚለካ መሆኑን አስታውሱ። የምንፈልገው በሰዓት 200 ሊትር ቢሆንም 600 የሚል ገዝተናል።

የእኛ ጭንቀት ሌላ ነበር፤ መብራት መጥፋት። ፓምፑ ሲቆም ኦክስጅንም ይቆማል። አንድ ሌሊት መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ጠፍቶ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አልመጣም። በየ20 ደቂቃው እየተቀያየርን ውሃውን በጆግ እየቀዳን ከከፍታ መልሰን አፈሰስን፤ ውሃ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። አከራያችንም ጋቢ ደርበው ወጥተው "አምጡ፣ እናንተ ትንሽ ተኙ" ብለው ጆጉን ተቀበሉን። ስምንቱም ተረፉ። ዓሣው ትንሽ መሆኑ የጠቀመን ያኔ ነው፤ 15 ቢሆኑ ኖሮ በጆግ አንችላቸውም ነበር። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዛን፣ ከዋናው ፓምፕ ጋር አብራችሁ ግዙት።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ለጎረቤትም ጭምር ነው። ማላታይን፣ የዝንብና የበረሮ ስፕሬይ፣ ማንኛውም ፀረ ተባይ በርሜሉ አካባቢ አይነፋ። ቅጠሉ ላይ ያረፈው ታጥቦ ዓሣው ጋ ይደርሳል። ተባይ ካያችሁ በእጅ ልቀሙት።

አሁን አራተኛ ወራችን ነው። ሰላጣውና ቆስጣው ተነስቷል፣ በሶብላው ደግሞ ከሁሉም በልጧል። የቀረን ችግር የሰላጣው አዳዲስ ቅጠል ቢጫ እየሆነ ሥሩ ብቻ አረንጓዴ መቅረቱ ነው። ይሄ የብረት እጥረት ነው፤ የዓሣ መኖ ውስጥ ለተክል የሚበቃ ብረት የለም። የሚጨመረው ቺሌትድ አይረን የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ነው፤ ለ200 ሊትር የሚሆነው መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን ግምት አይሆንም፣ የወርቅ ቤት ሚዛን ያለው ጓደኛ እየፈለግን ነው።