ሚስት በጡት ነቀርሳ ስትታመም የባል ድርሻ ምንድን ነው?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ጡት ነቀርሳ፥ ይልቁንም ሚስቱ በዚህ ሕመም ምክንያት ኦፕራሲዮን የምትሆንበት ባል ሊያደርግላት ስለሚገባው ነገር ነው። ጉዳዩ በጉባኤ ሲነገር የሚያሳፍር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ከዚህ ሕመም ይልቅ የሚስማማው ሌላ አይገኝም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ነቀርሳ ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት በዓለም 670,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችንም ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች በብዛት የመጀመሪያው እርሱ ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መሆኑ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፥ በደቡብ ወሎ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። አርዲቦ በከፍታ ላይ የሚገኝ ውኃ ሲሆን፥ ትርፉ በእስጢፋኖስ ገዳም ወደሚታወቀው ወደ ሐይቅ ቁልቁል ይወርዳል። እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ አድማጮቻችን፥ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖሩ ወንድምና እኅት አሏችሁ፤ ሲቸግራቸውም አስቀድመው የሚጠይቁት እናንተን ነው። ምክሩ ለገዛ ትዳራችሁም ያገለግላል።

ሴቲቱ አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ በጡቷ ውስጥ እብጠት አገኘች እንበል። ስላላመማት ችላ ትላለች። በልቧም «ብናገር ባሌ ይጸየፈኛል» ብላ ትፈራለች። እንግዲህ የባል የመጀመሪያው ድርሻ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚጀምር ነው፤ ይኸውም ሚስቱ ያለ ፍርሃት የምትነግረው ሰው ሆኖ መገኘት ነው። በጡት ወይም በብብት ውስጥ ያለ እብጠት፥ የጡት ቆዳ መሰርጎድ፥ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ከእርሱ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣት፥ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ሊታይ ይገባዋል። እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ነገር ግን ተመርምሮ ካልሆነ በቀር የሚለይበት መንገድ የለም። በሽታው እርግማን አይደለም፥ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ልጅ በማጥባትም አይመጣም፤ ማጥባት እንዲያውም የመያዝን ዕድል ይቀንሳል።

ከአርዲቦ የተነሡት ባልና ሚስት መንገዳቸው ወደ ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ ደሴ ሆስፒታል ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያውንና የጤና ጣቢያውን የሪፈር ወረቀት መያዝ እንዳይዘነጉ። የጨረር ሕክምና ካስፈለገ ጉዞው ይረዝማል። ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ስለዚህ ባል ገንዘቡን፥ ማረፊያውንና የልጆቹን ጠባቂ አስቀድሞ ማሰናዳት አለበት። በከተማ የሚኖር ዘመድም ቤቱን ቢከፍትላቸው ትልቅ ርዳታ ነው።

በሐኪሙ ፊት ባል አብሮ ቢቀመጥ መልካም ነው። የደነገጠ ሰው ከተነገረው ብዙውን ይረሳልና፥ እርሱ ጥያቄውን ጽፎ ይያዝ፥ መልሱንም ይመዝግብ። ነገር ግን በእርሷ ፈንታ ፈቃድ ሰጪ አይሁን፤ ገላው የእርሷ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካው ሐኪም ሃልስተድ ጡትን ከደረት ጡንቻ ጋር ቆርጦ የማውጣትን ሥራ አስፋፍቶ ነበር። በኋላ ግን በርናርድ ፊሸር የተባለው ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር ባደረገው ምርመራ፥ በጊዜ ለተገኘ ነቀርሳ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መጨመር ሙሉ ጡትን ከማውጣት ጋር እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ ተረጋገጠ። የትኛው እንደሚስማማ የሚወሰነው እንደ በሽታው መጠንና እንደ ሕክምናው መገኘት ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ይህ ነው።

አንደኛ፥ ከቁስሉ አጠገብ ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ሊደረግ ይችላል። ነርሷ ካስተማረችው፥ ባል ፈሳሹን እየለካ በየቀኑ ሊመዘግብ ይችላል። ትኩሳት፥ መግል ወይም የቁስል መቅላት ከታየ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።

ሁለተኛ፥ የብብት ዕጢዎች ሲወጡ ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ጀሪካንና እንሥራ የሚሸከመው፥ እንጨት የሚፈልጠው ባል ይሁን። በምጣድ መቃጠልና በቢላዋ መቆረጥም በዚያ ክንድ ላይ ጉዳት ስለሚያመጣ ጥንቃቄ ያሻል። ሆኖም ክንዱ ጨርሶ ሥራ ፈቶ እንዳይደርቅ፥ ሐኪም ያዘዘውን እንቅስቃሴ፥ ለምሳሌ ጣቶችን በግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማስኬድን፥ አብሯት ቢሠራ ትበረታለች።

ሦስተኛ፥ በመድኃኒቱ ምክንያት ጠጉሯ ቢረግፍ ተመልሶ እንደሚበቅል ይንገራት። በኬሞቴራፒ ጊዜ የሚነሣ ትኩሳት ግን ሌሊትም ቢሆን ለነገ አይባልም። ለአንዳንዶቹ በሽተኞች ለ5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይታዘዛል፤ ይህም ደኅና ነኝ በማለት አይቋረጥም። ጸሎትና ጠበል ልብን ያጽናናሉ፥ ከሕክምናም ጋር አይጣሉም፤ ነገር ግን ክኒኑን አያስተዉም፥ ያልደረቀውም ቁስል ያለ ሐኪም ፈቃድ ውኃ አይንካው።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው፥ ጠባሳዋን መጀመሪያ የምታሳይበት ሰዓት ነው። ባል አሳዪኝ ብሎ አያስገድዳት፤ ባሳየችውም ጊዜ ፊቱን አያዙር። እንድታርፍ ብሎ አልጋውን ቢለይ ምክንያቱን ይንገራት፤ አለዚያ የተጸየፋት ይመስላታል። ሊጠይቁ ከሚመጡት መካከል «እገሊት በዚሁ ሞተች» የሚል ቢኖር በዘዴ ዝም ያሰኘው።

በሌላው ዓለም የታወቀ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የአሜሪካ ፕሬዚደንት የጄራልድ ፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ቤቲ ፎርድ፥ ባላቸው ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ወር፥ መስከረም 18 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) ኦፕራሲዮን ሆኑ። ባልና ሚስት ነገሩን ሳይሸሽጉ ለሕዝብ በመግለጣቸው እጅግ ብዙ ሴቶች ለመመርመር ሄዱ። ወይዘሮዪቱም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ሐኪሙ ነቀርሳውን ለማውጣት የሚፈጅበት ጊዜ የጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረው የወራትና የዓመታት ሥራ ግን በአብዛኛው በቤት ውስጥ የሚፈጸም ነው። ስለዚህ በሚስቱ አጠገብ የቆመ ባል አስታማሚ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው ተካፋይ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፥ ስለዚህ ጉዳይ ከባለቤቶቻችሁ ጋር በግልጥ ተነጋገሩ።