የሐጅ ተጓዧ እናት ጥያቄ

  

በአንድ የሐጅ ወቅት ከሆሳዕና ወደ መካ ሊጓዙ የተነሱ አንዲት እናት፣ ለስንብት በተሰበሰብንበት ቤት፣ «ሸይኻችን፣ ላይ ሰማይ አየር የለም ይላሉ። ታዲያ ምን ልንተነፍስ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ወጣቶቹ ሳቁ። እኛም «አላህ ይጠብቅዎታል፣ አይስጉ» ብለን አለፍነው። ያልነው እውነት ነው፤ ጥያቄያቸውን ግን አልመለሰም። በሰላም ሲመለሱ፣ አውሮፕላኑ ጅዳ እስኪያርፍ ድረስ ትንፋሻቸውን እየቆጠቡ እንደተጓዙ ነገሩን። የዛሬው ዝግጅታችን የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው።

ነገሩን ከቤታችን እንጀምር። ሆሳዕናም ሆነች ዱራሜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ አየሩ የሚጫነን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚጫነው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በከምባታ የአምባሪቾን 777 ደረጃዎች የወጣ ሰው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርስ ደረቱ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። 5,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በግማሽ ይወርዳል። አውሮፕላን በሚበርበት 12,000 ሜትር ላይ አንድ አምስተኛ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አየር የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ ግን ለሰው ሳንባ አይበቃም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሳ። በሱረቱል አንዓም 125ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) የጠበበን ልብ ወደ ሰማይ ለመውጣት ከሚታገል ሰው ጋር አመሳስሎታል። አንዳንድ ወንድሞች ይህንን ይዘው የአውሮፕላን ጥበብ ከዚህ ተወሰደ ሲሉ እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሂዳያ ነው። መሐንዲሶቹ ያወቁትን ያወቁት በሙከራ፣ በገንዘብና በሰው ሕይወት ነው። የሌላውን ልፋት የራሳችን ማድረግ አማና አይደለም።

እንዴት አወቁት? ከፍ ብሎ ለመብረር ሦስት ችግሮች ነበሩ። ስስ አየር ክንፍን አይሸከምም፣ ሞተርን ያፍናል፣ አብራሪውን ይገድላል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1931 ለምርምር ብቻ ብለው ያበረሩት ዩንከርስ 49 ሦስቱንም አንድ ላይ ለመፍታት የተሠራ ነበር። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር ያህል ረዘመ። ፕሮፔለሩ ስሱን አየር እንዲቀዝፍ ከ5 ሜትር በላይ ሆነ፤ መሬት እንዳይነካም የአውሮፕላኑ እግር እንደ ሽመላ እግር መርዘም ነበረበት። ለሞተሩ አየር እየጨመቀ የሚያቀብል መሣሪያ ተገጠመለት። የአይሱዙ ሾፌሮቻችን «ቱርቦ» የሚሉት የዚህ ዘመድ ነው። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በትናንሽ መስኮቶች እያዩ፣ የታመቀ አየር ይተነፍሱ ነበር።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሞከሩ። ክፍሉን ትተው አብራሪውን ራሱን እንደ ባሕር ጠላቂ የጎማ ልብስ አለበሱት። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1936 ስዌን የተባለ መኮንን ብሪስቶል 138 በተባለ አብዛኛው አካሉ ከእንጨት በተሠራ አውሮፕላን 15,230 ሜትር ደረሰ። ሲወርድ ግን የራስ ቁሩ መስተዋት በጉም ተሸፈነ፣ ትንፋሽም አጠረው። በመጨረሻ መስኮቱን በቢላዋ ቀዶ ነው የዳነው። ሱብሓነላህ!

ጣሊያኖችም በዚሁ ውድድር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1938 ማሪዮ ፔዚ በካፕሮኒ 161 አውሮፕላን 17,083 ሜትር ወጣ። የካፕሮኒ ስም ለአባቶቻችን አዲስ አይደለም፤ ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት አገራችንን የደበደቡት ቦምብ ጣዮች ከዚያው ድርጅት የወጡ ነበሩ። የአንድ ድርጅት እጅ ለምርምርም ለግድያም ሠራ። ይህንን ሳንናገር ማለፍ አልፈለግንም።

ለመንገደኛ የተመቸው ግን የተዘጋው ክፍል ነው፤ እናታችንን የጎማ ልብስ ማልበስ አይታሰብም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ኤክስ ሲ 35 በተባለ የምርምር አውሮፕላን አካሉን እንደ ጋዝ ሲሊንደር ድብልብል አደረጉት፤ ክብ ነገር ግፊትን እኩል ይካፈላልና። ግፊቱ ቀላል አይደለም። 12,000 ሜትር ላይ በውስጥ ያለው አየር የአውሮፕላኑን ግድግዳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ50 ኩንታል በላይ በሚመዝን ጉልበት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህን ያቃለለ ዋጋ ከፍሏል። ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ጊዜ አየር ላይ ተበታተነ፤ ምርመራው ብረቱ በተደጋጋሚ ግፊት ደክሞ በመስኮትና በመሰል ክፍተቶች ማዕዘን ላይ እንደሚሰነጠቅ አሳየ።

እንግዲህ እናታችን ሆይ፣ መልሱ ይኸውልዎት። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጡ ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን አየር እንዲይዝ ይደረጋል። ይህ ማለት ከሆሳዕና አየር ብዙም አይርቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚያበርረው ቦይንግ 787 ውስጥ ደግሞ ከ1,800 ሜትር አይበልጥም። ከቤትዎ ይልቅ እዚያ አየሩ ይወፍራል!

ጆሮዎ የሚደፈነው ወደ ጅዳ ሲወርዱ ነው፤ ከደጋ አየር ወደ ባሕር ዳር አየር እየገቡ ስለሆነ ግፊቱ ይጨምራል። ያዛጉ፣ ምራቅ ይዋጡ፤ ሕፃን የያዘች ታጥባ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሐጃጅ ግን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የኦክስጅን ጭምብል ከላይ ከወረደ ደግሞ መጀመሪያ ለራስዎ ያጥልቁ፣ ከዚያ ለልጅዎ፤ ራስዎን ከሳቱ ልጁን የሚረዳው የለምና።