የወለቃው አንበሳ ዕድሜ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ወለቃ ላይ ሸክላ ደርድረው የሚሸጡ ሴቶች ያገኛሉ። መዳፍ ላይ የሚያርፍ አንበሳ፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት። እኔም አንድ አንበሳ ገዝቼ ነበር። «ከንጉሥ ሰሎሞን ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው» ተብዬ።

እንዲህ አልነበረም። የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ሴቶች ለዘመናት ሲሠሩ የኖሩት ድስት፣ ጀበና፣ ጋንና ምጣድ ነው፤ ገበያ ወጥቶ እህል ይዞ የሚመለስ ዕቃ። ምስሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው። የውጭ ጎብኚ እየበዛ ሲመጣ፣ ጋን ተሸክሞ አውሮፕላን የሚሳፈር እንደሌለ ለሴቶቹ ግልጽ ነበር። ኮከቡም የገዢውን ዓይን እየሳበ በረከተ። ይህን ሲሰማ የተታለለ የሚመስለው አለ። ለእኔ ግን ድስት ያበጅ የነበረ እጅ ገበያውን አይቶ አንበሳ መፍጠሩ ከሰሎሞን ታሪክ ይበልጥ ያስደንቃል።

አዲሱን ጥንታዊ ማለት ሌላ አገርም አለ። በአውስትራሊያ በረሃ ውስጥ የአገሬው ተወላጅ ሴቶች ሣር እየሰፉ ውሻ፣ ወፍና ሰው ያበጃሉ፤ እኛ መሶብ በወስፌ እንደምንሰፋው መሆኑ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ አሮጌ ብርድ ልብስ በዕፅዋት ቀለም ነክረው ይሰፋሉ። የሚያያቸው ሁሉ ጥንታዊ ነው ይላል። ጃንፒ የተባለው የሣር ሰፊዎቹ ማኅበር ግን ሥራውን የጀመረው በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በሣር የሰፉት ቶዮታ መኪና የአገሪቱን ትልቁን የተወላጆች የሥነ ጥበብ ሽልማት ወሰደ። ቶዮታን ደግሞ ጥንታዊ ነው የሚል የለም።

«ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለው፣ በቤተ እስራኤል ላይ ሲወራ የኖረው እምነት ግን ተስቆ የሚታለፍ አይደለም፤ ስንቱን ከጎረቤቱ ማዕድ አርቆታል። ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ይባላል። ርስት ያጣ ሰው የሰው መሬት እያረሰ በእጁ ሙያም አደረ፦ ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸመነ፤ ሴቷ አፈር አቦካች። ማረሻውንና ምጣዱን ከእነሱ የሚገዛው ገበሬ መልሶ ከእሳት ጋር የሚውለውን ሰው ፈራ። የጎንደር አብያተ መንግሥት ሲታነፁ ግን ግንበኝነቱና አናጢነቱ ያለ እነሱ አልሆነም።

ዛሬ የሚሸጡትስ ቤተ እስራኤል ናቸው? አብዛኞቹ አይደሉም። ብዙው ሕዝብ በ1977ቱ የሙሴ ዘመቻና ከግንቦት 16 እስከ 17 ቀን 1983 ከ14 ሺህ በላይ ሰው በተጓጓዘበት የሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄዷል። ሙያውን የያዙት የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ ምኵራቡም እዚያው ቆሟል።

አንድ የቀረ የተሳሳተ ግምት አለ። ሸክላው በማሽከርከሪያ የሚሠራ የሚመስለው ብዙ ነው፤ በእጅ ነው። ጭቃው ተድቦልቡሎ፣ በለስላሳ ድንጋይ ተፍቆ፣ ጥላ ሥር ደርቆ ሜዳ ላይ ይቃጠላል። ውስጡ እርጥበት ከቀረ እሳት ላይ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ጅራትና ጆሮ የያዘ አንበሳ ሳይሰበር ከእሳት ወጣ ማለት ሠሪዋ አልቸኮለችም ማለት ነው። የእኔው አንበሳ ጅራት የለውም፤ የተሰበረው ግን ሻንጣዬ ውስጥ ነው።