አልማዝ ባለጭራ፦ ሦስቱን ቀን አታባክኑ



ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የቆዳ በሽታ ነው። ስሙ አልማዝ ባለጭራ ይባላል። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰውን በድንገት ይይዛል። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል። በጊዜ ከታከሙት መድኃኒት አለው። ካዘገዩት ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ ሕመሙ ለወራት ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብለን እናንብብ።

በምን ይታወቃል?

በሽታው ሲጀምር በቆዳ ላይ ምንም አይታይም። ጎን፣ ጀርባ፣ ደረት ወይም ፊት በአንድ ወገን ብቻ ያቃጥላል፤ ይወጋል፤ ይጠዘጥዛል። ልብስ ሲነካው እንኳ ያማል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ሸክም ጎድቶኝ ነው» ወይም «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ዝም ይላል።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ያ ቦታ ይቀላል። ከዚያም ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ተጠጋግተው ይወጣሉ። ጭራ እንዳለው ነገር ተከታትለው ይሄዳሉ። በወገብ ወይም በደረት ላይ ሲወጣ ሰውየው ግማሽ መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ዋናው ምልክቱም ይኸው ነው። በቀኝ ከወጣ በቀኝ ይቀራል፤ በግራ ከወጣ በግራ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የሰውነትን መሐል አልፎ ወደ ሌላው ወገን አይሻገርም።

ከሌላ በሽታ ጋር አታምታቱት። እከክ ዋና ጠባዩ ማሳከክ ነው፤ ማታ ይብሳል፤ በጣቶች መካከል ይወጣል፤ ከአንድ ቤት ብዙ ሰው ይይዛል። ሳማ የነካው ቆዳ ወዲያው ይለበልባል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይበርዳል። አንድ ሌላ አደገኛ ነገርም አለ። መድኃኒት የወሰደ ሰው በመላ ሰውነቱ ሽፍታ ወጥቶበት አፉና ዓይኑ ከቆሰለ ይህ አልማዝ ባለጭራ አይደለም። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የወሰደውንም መድኃኒት ይዞ ሄዶ ያሳይ።

ከየት ይመጣል?

አንዱ «ሸረሪት ሄዳብኝ ነው» ይላል። ሌላው «ምች ነው» ይላል። ሌላውም «የሰው ዓይን ነው» ይላል። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው?

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ይህ ቫይረስ ሰውነታችን ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ በልጅነት ነው። ልጆች ትኩሳት ይዟቸው በመላ ሰውነታቸው ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣባቸው አይታችሁ ይሆናል። በብዙ ቦታ ጉድፍ ይባላል። ልጁ ይድናል፤ ቫይረሱ ግን ከሰውነቱ አይወጣም። ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሱ፣ ነርቭ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ቫይረሱ በእነዚህ ክሮች ሥር፣ በአከርካሪ አጥንት አጠገብ ይደበቃል።

እናቶች ማታ እሳት ያዳፍናሉ። አመዱ ላይ እጅ ቢያደርጉ እሳት ያለ አይመስልም። ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ግን ፍሙ አለ። ይህም ቫይረስ እንደዚሁ ተዳፍኖ 30 ወይም 50 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሰውነት የመከላከል ኃይል ሲደክም ይነቃል። ከዚያም ውኃ በቦይ እንደሚሄድ አንዱን ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ነርቮች ከአከርካሪ አጥንት የሚወጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይሄዳል። ሽፍታው በአንድ ወገን ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ነገር ግልጽ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የሚሠራው በትልቅ ከተማ ሆስፒታል አልነበረም። ሳይረንሰስተር በምትባል የገጠር ከተማ ነበር። ከ1947 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በሽተኞቹን አንድ በአንድ መዘገበ። ውጤቱንም በ1965 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር በሽታው እንደሚበዛ አሳየ። 85 ዓመት ከሚደርሱ ሰዎች ግማሽ ያህሉ አንድ ጊዜ ሊይዛቸው እንደሚችልም አሰላ። አያችሁ! ትልቅ እውቀት የተገኘው በደንብ ከመጻፍና ከመቁጠር ነው።

ሦስት ቀን ለምን?

አሲክሎቪር የሚባል እንክብል አለ። ይህ መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል። ቀድሞ የደረሰውን ጉዳት ግን አይመልስም። አረም ሳይበዛ ማረም እንደሚቀል ማለት ነው። ስለዚህ ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት፣ ማለት በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት።

ለትልቅ ሰው የተለመደው መጠን በአንድ ጊዜ 800 ሚሊ ግራም፣ በቀን 5 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ነው። ኩላሊቱን ለሚያመው ሰው ግን መጠኑ ስለሚቀነስ የጤና ባለሙያ ሳያዝ አትውሰዱ። ሕመሙ ቢቀንስም አታቋርጡ።

እንግዲህ አስቡት። ሽፍታው ማክሰኞ ቢወጣና «ቅዳሜ ገበያ ስሄድ እግረ መንገዴን እታከማለሁ» ብትሉ ሦስቱ ቀን አለፈ ማለት ነው። ሥራ ቢበዛም አጨዳውን ጎረቤት ያግዝ፤ እናንተ ሂዱ። ሦስቱ ቀን ቢያልፍባችሁም ቤት አትቅሩ። በተለይ አዲስ እብጠት እየወጣ ከሆነ አሁንም ሊረዳችሁ ይችላል።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና በቀስታ አጥባችሁ አድርቁት።
2. በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ሰፊ ልብስ ልበሱ።
3. እብጠቱን አታፍርጡት፤ አትከኩት።
4. ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይረዳል። ካልበቃ የጤና ባለሙያው ሌላ ይሰጣል።
5. በእሳት መተኮስ፣ ጭቃ፣ እበት ወይም ነጭ ጋዝ መቀባት ክልክል ነው። የእንክብል ዱቄትም አትነስንሱበት። ቁስሉ መግል ይይዛል፤ ሦስቱ ቀንም በከንቱ ያልፋል።

ይተላለፋል ወይ?

አልማዝ ባለጭራ ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ነገር ግን ጉድፍ ይዞት የማያውቅ ሰው የእብጠቱ ውኃ ቢነካው ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ከነፍሰ ጡርና ከጨቅላ ሕፃን ራቁ። እጃችሁን ታጠቡ። በሽተኛውን ግን ከማዕድ አታርቁት።

ሁለት ነገር አትርሱ

አንደኛው ዓይን ነው። ሽፍታው በግንባር፣ በዓይን ቆብ ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም። በዚያው ቀን ሂዱ።

ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚይዘው 50 ዓመት ያለፈውን ሰው ነው። ወጣት ሰው ሲይዝ አንዳንድ ጊዜ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ስላለ ይሆናል። ሁልጊዜ ነው ማለት አይደለም፤ መመርመር ግን ይገባል። ደግሞስ ምን ያሳፍራል? የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ጀምሯል። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው አርሶ፣ ወልዶ፣ ልጁን ድሮ ይኖራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይድናል። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ፣ በተለይ በሽማግሌዎች ላይ፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ስላለ ተመልሳችሁ ጠይቁ። «ድኗል እኮ፣ ምን ያማርረዋል» ብላችሁ በሽተኛውን አታሳዝኑት። ሕመሙ የእውነት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አልማዝ ባለጭራ በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣው ለምንድን ነው?
2. ሕክምናው በስንት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት?
3. ሽፍታው በግንባር ላይ ቢወጣ ምን ታደርጋላችሁ?
4. ከቀበሌያችሁ እስከ ጤና ጣቢያው የስንት ሰዓት መንገድ ነው? መሄድ የማይችል በሽተኛ ቢኖር ማን ያደርሰዋል?

አራተኛውን ጥያቄ ሰው ሳይታመም ዛሬውኑ ተነጋገሩበት። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁም ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት አንብቡለት።