ሜዳው፣ ገመዱና የስፖርት መምህሩ

የይፋግን ስም የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሱት በገበያዋ ነው። በዘመነ መሳፍንት ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦርም ሆነ ወደ ጎጃም የሚወርደው ነጋዴ የሚያርፍባት፣ አሞሌ ጨው የሚራገፍባት፣ ከበጌምድር ስመ ጥር ገበያዎች አንዷ ነበረች። ዛሬ ከአዲስ ዘመን ወደ ወረታ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚበር መንገደኛ ዞር ብሎ ሳያያት ሊያልፋት ይችላል። የእኔ ጉዳይ ግን ገበያው አይደለም። ከገበያ የባሰ ጫጫታ ያለበትን ቦታ ላስተዋውቃችሁ ነው፦ የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ክለብ አይደለም። ፊርማ የለው፣ ደመወዝ የለው፣ ዝውውር የለው። ከሁሉ የሚለየው ደግሞ በየሰኔው መሞቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተናውን ተፈትኖ ሲወጣ በረኛው ይሄዳል፣ አምበሉ ይሄዳል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ መስመሩን የለመደው ልጅ ይሄዳል። መስከረም ሲጠባ መምህሩ ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ኳስ ስንነጋገር ስለ ልጆቹ ብቻ ብናወራ ወሬያችን ዓመት አይሻገርም። ከዓመት ዓመት የሚሻገረው ሜዳው፣ ኳሱና የስፖርት መምህሩ ናቸው። ከሦስቱም ብዙ የሚቆየው ሜዳው ነው፤ ብዙ የሚበደለውም እሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መነሻው የክፍል ለክፍል ውድድር ነው፤ 9ኛ "ሀ" ከ9ኛ "ለ"፣ ከዚያ 9ኛ ከ10ኛ እያለ ይቀጥላል። መምህሩ ፊሽካውን አንጠልጥሎ ዳኛም መራጭም ይሆናል፤ ጠርዝ ላይ ቆሞ በደብተሩ የሚጽፈው ስም የጎል አግቢ ብቻ አይደለም። ኳስ ሲነጠቅ ተመልሶ የሚሮጠው ማን እንደሆነ ያያል። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ቡድን ይቋቋማል፤ ከወረዳው ትምህርት ቤቶች ጋር ይጋጠማል፣ ያሸነፈ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይሄዳል። ለይፋግ ልጅ ዞን ማለት ደብረ ታቦር ነው። ያለፉት ዓመታት ግጭት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለዘጋ ይህ መሰላል በየቦታው ተሰብሯል፤ ሲጠገን የሚጠገነው ግን ከታችኛው ደረጃ፣ ከክፍል ለክፍሉ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ።

ክረምቱ ያለፈውን ዓመት መስመር አጥቦ ስለሚወስድ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ሣሩ ታጭዶ ሜዳው እንደገና ይለካል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ይህ ሥራ የሚሠራው በአንድ የሲባጎ ገመድ፣ በአራት ችካልና በአንድ ሜትር ነበር። መምህራችን ገመዱን ዘጠኝ ሜትር ላይ ይቋጥራል፤ ቀጥሎ ዐሥራ ሁለት ሜትር ለክቶ ይቋጥራል፤ ቀጥሎ ዐሥራ አምስት ለክቶ ጫፉን ከመነሻው ጋር ያስራል። ሦስት ልጆች ሦስቱን ቋጠሮ ይዘን እየጎተትን ስንወጥረው ዘጠኙና ዐሥራ ሁለቱ የሚገናኙበት ጥግ ልክ 90 ዲግሪ ይሆናል። የሒሳብ መምህሩ በጠመኔ ሲያሳዩን ያዛጋንበት የፓይታጎረስ ትምህርት ያን ዕለት በእጃችን ላይ ተወጠረ። ከዚያ ሰያፉ ይለካል። 100 በ64 ሜትር የሆነ ሜዳ ከጥግ እስከ ጥግ 118 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት፤ ሁለቱ ሰያፎች ካልተካከሉ ሜዳው ጠሟል ማለት ነው፣ ችካሉ ተነቅሎ እንደገና ይጀመራል። የመሃሉ ክብ ደግሞ ምንም አያስቸግርም፦ አንድ ልጅ መሃል ላይ የገመዱን ጫፍ ረግጦ ይቆማል፣ ሌላው በ9 ሜትር ከ15 ርቀት ገመዱን ወጥሮ እየዞረ አመድ ይነሰንሳል።

ለመስመር አመድ መጠቀም ብዙ ሰው የድህነት ምልክት ይመስለዋል። አይደለም። ኖራ ይነጣል፣ ግን ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ወድቆ የተነሣ ልጅ እጁ ላይ የያዘውን ኖራ ዓይኑ ላይ ሲያሸው ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። ጀሶ የተገኘ እንደሆነ ከሁለቱም ይሻላል። ካልተገኘ ከየቤቱ በፌስታል የሚመጣው አመድ ይበቃል፤ ነፋስ ሲያነሣው ደግሞ ይደገማል።

የጎሉ ነገር ባሕር ዛፍ ነው። በደንቡ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው 2 ሜትር ከ44 ነው። ቋሚው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መቀበር ስላለበት ከሦስት ሜትር ያጠረ ግንድ አያዋጣም። የሚቀበረውን ጫፍ እሳት ላይ እያገላበጡ ማጥቆር ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ምስጡን ያዘገየዋል። አስቸጋሪው አግዳሚው ነው። ሰባት ሜትር ከምናምን የሚሆን ባሕር ዛፍ ጫፉ ቀጭን፣ ሥሩ ወፍራም ነው፤ እርጥቡን ከሰቀሉት ሲደርቅ መሃሉ ይጎብጣል። በእኛ ጎል መሃሉ አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ስለነበር ስንት ጎል "አግዳሚ መለሰው" ተብሎ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። በረኛችን ግን እዚያው መሃል ላይ መቆም ይወድ ነበር።

የይፋግ አካባቢ ሜዳ እውነተኛ ባላጋራ ግን አፈሩ ነው። ከይፋግ ወደ ወረታ፣ ርብንና ጉማራን ተከትሎ እስከ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው። ሩዙንና ሽምብራውን የሚያበቅለው፣ የፎገራን ከብት የሚያሰባው ይኸው ጥቁር አፈር ነው፤ ለእርሻ በረከት፣ ለኳስ መከራ። የዋልካ ጭቃ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በክረምት ጫማ ይነጥቃል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱ የሚዞረው በባላጋራ እግር ብቻ አይምሰላችሁ፤ ስንጥቅ ውስጥ በገባ ተረከዝም ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው "ሰው ሠራሽ ሣር" ይላል። ልቡ ስታዲየም ያማረው ሁሉ የሚያስበው ሣሩን ነው፤ ሣሩ ግን የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ ውኃው የሚሄድበት ማግኘት አለበት። ሜዳው መሃሉ ከፍ፣ ጎንና ጎኑ ዝቅ ብሎ እንደ ኤሊ ጀርባ መደልደል አለበት። በየአንድ መቶ ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ብንይዝ፣ 64 ሜትር ስፋት ባለው ሜዳ መሃሉ ከዳሩ 32 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይበልጣል ማለት ነው፤ ለዓይን አይታወቅም፣ ለውኃ ግን ይበቃዋል። ከዳሩ ውጭ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል። ቀጥሎ በዋልካው ላይ ገረጋንቲ ወይም ቀይ አሸዋ ተነጥፎ ይጠቀጠቃል፤ ከላዩ ሣር የሚይዝ ቀለል ያለ አፈር ይመጣል። ስንጥቁን መሙላት ብቻውን ልፋት ነው፤ ዋልካው በሚቀጥለው በጋ እዚያው አጠገብ ሌላ ይከፍታል።

ኳሱ ከሜዳው ይልቅ ይገኛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። በደንቡ አምስት ቁጥር ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። እሾህ ባለበት ሜዳ ግን ኳስ የሚኖረው በጎሚስታ እጅ ነው። ስፌቱ ተፈትቶ ካላማዳሪያው በማስቲሽ ተለጥፎ ሲመለስ አንድ ጎኑ ይከብድ ነበር። የእኛ የፍጹም ቅጣት ምት መቺ ይህን ያውቃል፤ የተለጠፈውን ጎን ወደ መሬት አዙሮ ሳያስቀምጥ አይመታም ነበር። ማሊያ አንድ እጅ ብቻ ስለነበረን ሁለቱ ወገን የሚለየው ግማሹ ማሊያውን አውልቆ በመጫወት ነበር።

ልምምድ መቼ ይሁን የሚለው ጥያቄ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ ወይ ማለዳ በ12 ሰዓት፣ ወይ ምሽት 11 ሰዓት ላይ መሰብሰብ ግድ ነው። አርብ ከሰዓት ደግሞ ሜዳው ይሳሳል። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች የሳምንቱን ስንቅ፣ እንጀራውንና ድርቆሹን ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ውድድር አለ ሲባል ምርጡ ተከላካይ ከብት ጥበቃ ላይ ይገኛል። ዐቢይ ጾምም አለ፤ 55 ቀን ሙሉ ከሚጾሙት ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። አዋቂ መምህር በዚያ ሰሞን ሩጫውን ቀንሶ የኳስ ቅብብልና የአቋቋም ልምምድ ያበዛል። ይህን የማያስብ አሠልጣኝ የልጅ ጉልበት ይሰብራል እንጂ ቡድን አይሠራም። የሴቶቹ ቡድን ላይ ደግሞ የውኃ መቅዳቱና የቤት ሥራው ይጨመራል፤ ከዱራሜ ተነሥታ ማልታ ድረስ ሄዳ ጎል ያዘነበችው ሎዛ አበራ ስሟ በሴት ተማሪዎች ዘንድ መጠራቱ ለዚህ ነው የሚጠቅመው፦ እናት "ኳስ ምን ይጠቅማል?" ስትል መልስ ይሆናል።

የከፍታውንም ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። ይፋግ ከጣና ሐይቅ ብዙም ሳትርቅ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ ጉና ተጠግታ 2,700 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በዘጠኝ መቶ ሜትሩ ልዩነት አየሩ ይሳሳል፤ ኳስ እንደተመታ ይረዝማል፣ ሳንባ ቶሎ ይጮኻል። ታች የተነፋ ኳስ ላይ ሲደርስ የውጭው አየር ስለሚቀንስለት ይጠነክራል፤ ከጨዋታ በፊት ትንሽ መተንፈስ አለበት። ለዞን ውድድር ከታች የሚወጣ ቡድን አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ረጅም ኳስ ቢሞክር በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አይደናገርም።

ይህ ሁሉ ለአንድ የተማሪ ጨዋታ ነው ወይ የሚል ሰው ካለ፣ የኢትዮጵያ ኳስ ከየት እንደመጣ ላስታውሰው። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ካሳደጋቸው አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነው፤ የዘፈኑ ሰው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ። በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ገና በልጅነቱ ገብቶ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወተ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበረ፤ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን አሠለጠነ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፍ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበረ። የአህጉሩን ኳስ የመራ ሰው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው የበቀለው።

የብሔራዊ ቡድን ነገርም ቢሆን ሜዳ ላይ ይቆማል። ከይፋግ በወረታ በኩል ወርዳችሁ የምትደርሱበት የባሕር ዳር ስታዲየም በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯር 2 ለ 1፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካር 4 ለ 0 በብሔራዊ ቡድናችን በዋልያዎቹ ሲሸነፉ አይቷል። ያን ጊዜ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ዋልያ ነበር። በዓመቱ ኮንፌዴሬሽኑ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ አገደው፤ ዋልያዎቹ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 የረቱት ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ፣ በሰው አገር ሜዳ ነበር። አገር ያጣችው ተጫዋች አልነበረም፤ ደንቡን የሚያሟላ ሜዳ ነው።

ሀብትም ቢሆን መድን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ በቴክሳስ ግዛት አለን በምትባል ከተማ፣ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በእጅ ለሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስ፣ 18,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ60 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ተከፈተ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ተዘጋ፤ እስኪጠገን ልጆቹ ሌላ ቦታ ተጫወቱ። የእኛ ስንጥቅ ርካሽ ነው፤ በአካፋና በገረጋንቲ ይድናል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የአካባቢው ልጆች፣ ከይፋግም ከአዲስ ዘመንም ወጥታችሁ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ማሊያ ለመላክ እንደምታስቡ አውቃለሁ። ማሊያው መልካም ነው። ግን መጀመሪያ ደውላችሁ የስፖርት መምህሩን "ቦዩ ተቆፍሯል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁልኝ። አልተቆፈረም ካለ፣ ሰኔ ሳይገባ አካፋውን ላኩ።