የምልክት ፍጥነትና የመልእክት ብዛት

ሰዎች ስለ ቴሌግራፍ በተነጋገሩ ጊዜ አብዝተው የሚያደንቁት ኤሌክትሪክ በሽቦ ላይ የሚሮጥበትን ፍጥነት ነው። የዚህን ጥበብ ምሥጢር ጠልቆ ለመረመረ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ስንት ምልክቶች እርስ በርሳቸው ሳይደባለቁ በአንድ ሽቦ ሊያልፉ ይችላሉ የሚለው ነው። ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር የሚመላለሰው ጽሕፈት፣ ድምፅና ሥዕል ሁሉ የቆመው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከመሠረቱ መመልከት ይገባል።

ሳሙኤል ሞርስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር መልእክት ሲያስተላልፍ፣ ሽቦው የሚያውቀው ኤሌክትሪክ መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ነበር። ከእነዚህ ከሁለቱ ሁኔታዎች ፊደል ሁሉ እንዲወጣ ያደረገው የጊዜ ልክ ነው። ኋላ በዓለም በጸናው የሞርስ ሥርዓት ነጥብ አንድ የጊዜ ክፍል ሲፈጅ ሰረዝ ሦስት ይፈጃል፤ በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉት ምልክቶች መካከል አንድ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ሦስት፣ በቃልና በቃል መካከል ሰባት ክፍል ዝምታ ይጠበቃል። በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው «ኢ» የተባለው ፊደል በአንዲት ነጥብ ብቻ እንዲነገር መደረጉም ጊዜን ለመቆጠብ የታሰበ ትልቅ ብልሃት ነው።

የፊደሎቹ ርዝመት የተለያየ መሆኑ ለሠለጠነ ጆሮ ባያስቸግርም ለመኪና አይመችም። ስለዚህ ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በ1870ዎቹ ዓመታት ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል አምስት ክፍል መደበ፤ እያንዳንዱ ክፍል ከሁለት ሁኔታዎች አንዱን ስለሚይዝ፣ አምስት ሁለቶች እርስ በርሳቸው ሲባዙ 32 ልዩ ልዩ ቅንብር ይገኛል። ይህ ለ26ቱ የላቲን ፊደሎች በቅቶ ለአኃዝና ለሥርዓተ ነጥብ ስለማይተርፍ፣ ተከታዩ ፊደል ወይም አኃዝ መሆኑን የሚያስታውቁ የመለወጫ ምልክቶች ገቡበት። በዚህ ሊቅ ስም የተሰየመው ባውድ የተባለው መለኪያ፣ በአንድ ሰከንድ የሚያልፉትን የምልክት ክፍሎች ብዛት ይገልጻል። ጽሕፈት ያስተላልፍ የነበረው ቴሌክስ በ50 ባውድ ሲሠራ አንዱ ክፍል የሰከንድን 50ኛ እጅ ይፈጅ ነበር፤ ተቀባዩ መኪና ከላኪው ጋር እንዲስማማ ከአምስቱ ክፍሎች በፊት አንድ የመነሻ፣ በኋላም አንድ ተኩል የማቆሚያ ክፍል ስለሚታከል፣ በደቂቃ 400 ፊደል ይተላለፍ ነበር።

ክፍሎቹን እያሳጠርን ፍጥነቱን ያለ ልክ ብናበዛው ምን ይከለክለናል ለሚል ሰው፣ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ታሪክ መልስ ይሰጠዋል። በ1858 ዓ.ም. ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ ድረስ በባሕር ወለል ላይ ከ3000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሽቦ ተዘርግቶ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለቡካናን የላኩት 98 ቃላት ያሉት መልእክት 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። መዳቡ በመሸፈኛው ውስጥ ሆኖ፣ ከዙሪያው የባሕር ውኃ ጋር ኤሌክትሪክ አከማችቶ ቀስ በቀስ ይለቅ ስለ ነበር፣ በአንዱ ጫፍ ጥርት ብሎ የገባው ምልክት በሌላው ጫፍ ደብዝዞና ተለጥጦ እየወጣ በተከታዩ ላይ ይደረብ ነበር። ይህም በሰፊ ደብር ውስጥ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ድምፅ ከማሚቶው ጋር ተደባልቆ ለሰሚው እንደሚያስቸግር ያለ ነው፤ መጮኽ ማሚቶውን ያበዛዋል እንጂ ቃሉን አያጠራውም። የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቶምሰን የምልክቱ መዘግየት በሽቦው ርዝመት ካሬ ልክ እንደሚያድግ፣ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን መዘግየቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን አስቀድሞ አስልቶ ነበር። ዋይትሃውስ የተባለው ሽቦውን የዘረጋው ድርጅት ባለሙያ ግን የኤሌክትሪኩን ግፊት ወደ 2000 ቮልት ገደማ ከፍ በማድረግ ምልክቱን ሊያስገድደው ስለ ሞከረ፣ አስቀድሞም ጉድለት የነበረበት ሽቦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጨርሶ ተበላሸ። በ1866 ዓ.ም. በወፈረ መዳብ ተሠርቶ የተዘረጋው ሽቦ፣ በቶምሰን ረቂቅ መቀበያ እየታገዘ፣ በደቂቃ ስምንት ቃል ያህል አስተላለፈ።

በ1920ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የስዊድን ተወላጅ ሃሪ ናይኲስት ይህን ገደብ በሒሳብ ወሰነው፤ አንድ መሥመር በሰከንድ ለይቶ የሚያሳልፈው የምልክት ብዛት ከሚያሳልፈው የድግግሞሽ ስፋት እጥፍ አይበልጥም። ሆኖም አንዱ ምልክት ከሁለት በላይ ሁኔታዎች እንዲኖሩት ቢደረግ የሚሸከመው መልእክት ይበዛል፤ የመልእክቱም መለኪያ ቢት ይባላል። አራት ሁኔታዎች ሁለት ቢት፣ 16 ሁኔታዎች አራት ቢት ይይዛሉና፣ በ600 ባውድ የሚሠራ መሥመር በሰከንድ 2400 ቢት ሊያስተላልፍ ይችላል። የሁኔታዎቹ ብዛትም ገደብ አለው፤ ክሎድ ሻነን በ1948 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ በመሥመሩ ላይ ያለው ሁከት ጥቃቅኑን ልዩነት ስለሚውጠው፣ እያንዳንዱ መሥመር ያለ ስሕተት ሊያልፈው የማይችል ወሰን አለው።

ይህ ትምህርት የእኛንም ጽሕፈት ይመለከታል። 33ቱ የፊደል ዘሮች ከሰባቱ ድምፆች ጋር ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ የቦዶ አምስት ክፍል ለግዕዙ ብቻ እንኳ አንድ ይጎድለዋል፣ ስምንት ክፍል ግን 256 ቅንብር ስለሚሰጥ ለሁሉ ይበቃል። የእጅ ስልክ አጭር መልእክት 1120 ቢት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል በሰባት ቢት ስለሚጻፍ 160 ሲገባበት፣ የእኛ ፊደል 16 ቢት ስለሚመደብለት 70 ብቻ ይገባበታል። ስለዚህ የሒሳብና የኤሌክትሪክ ትምህርት የምትከታተሉ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ጥበብ ከመሠረቱ አጥኑት፤ ለአንድ ፊደል ስንት ቢት ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ፣ ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ካልጠየቀው ሌላ የሚጠይቅለት የለም።