ስለሚያልቀውና ስለሚታደሰው ኃይል

የሰው ልጅ እንጀራውን ለመጋገር፥ ቤቱን ለማብራት፥ ዕቃውን ከአገር ወደ አገር ለማጓጓዝ ኃይል ያስፈልገዋል። ይህም ኃይል በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ከምድር ሆድ ተቈፍሮ የሚወጣውና አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ የማይመለሰው ነው፤ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ዘወትር የሚታደሰው ነው፤ ይኸውም የፀሐይ ብርሃን፥ ነፋስ፥ የወንዝ ውሃ፥ ከምድር ውስጥ የሚፈልቀው እንፋሎትና ከደን የሚገኘው እንጨት ነው።

የመጀመሪያው ወገን ትልቅ ጥቅም እንዳለው መካድ አይገባም። ነዳጅ በጥቂት ስፍራ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ በተፈለገበትም ሰዓት ይገኛል። ፀሐይ ግን በሌሊት አትወጣም፥ ነፋስም ሁልጊዜ አይነፍስም፥ ወንዝም በድርቅ ዘመን ይጐድላል። ነገር ግን የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት የተሠሩት በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ስለ ሆነ፥ ዛሬ ያቃጠልነውን ልጆቻችንም የልጅ ልጆቻችንም ሊተኩት አይችሉም። ጭሱም ወደ ሰማይ ወጥቶ የምድርን ሙቀት ይጨምራል። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ የምታቃጥለው ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ገንዘብ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ስለ ሆነ፥ በሩቅ አገር ጦርነት ሲነሣ በእኛ ገበያ የእህሉ ማጓጓዣ ይወደዳል።

ስለዚህ አገራችን ወደ ሁለተኛው ወገን ማዘንበሏ የተገባ ነው። በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም በኋላ በአሉቶ ላንጋኖ ከእንፋሎት፥ በአዳማና በአሸጎዳ ከነፋስ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማግኘት ተቻለ። በዓባይ ላይም ሥራው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት ዐቅሙ 5,150 ሜጋዋት፥ የሚይዘውም ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው።

ይሁን እንጂ «የሚታደስ» የሚለው ስም ሊያዘናጋን አይገባም። የሚታደሰው ኃይል የሚታደሰው ጠባቂ ሲያገኝ ነውና። እንጨት ከሚበቅለው ይልቅ የሚቈረጠው ሲበዛ እንደ ድንጋይ ከሰል ያልቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈርጦ በተመናመነ ጊዜ፥ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር፤ በስፍራው ካጸኑት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። እንጨት ባጣበት አገር ደግሞ ባላገሩ ኩበት ያነዳል፤ ለማሳው ማዳበሪያ ይሆን የነበረውም በምድጃ ውስጥ አመድ ሆኖ ይቀራል።

የወንዝም ነገር እንዲሁ ነው። ደን የተገፈፈበት ተራራ አፈሩን በክረምት ጐርፍ ይሰጣል፤ አፈሩም ወደ ግድብ ወርዶ ደለል ሆኖ ይተኛል። የቆቃ ሐይቅ የውሃ መያዣው በደለል እየጠበበ መሄዱ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ዝናም በየዓመቱ ቢዘንምም፥ በደለል የተሞላ ግድብ ውሃውን የሚያኖርበት ስፍራ የለውም። እንዲህ ከሆነ የብርሃኑን ግድብ ሠርቶ የተራራውን አፈር መልቀቅ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ይሆናል።

በዚህ ረገድ ቤተ ክርስቲያን ለአገር ያቈየችው ትምህርት አለ። በሰሜኑ ደጋ ዙሪያው ገላጣ ሆኖ ሳለ፥ ጽዱ፥ ወይራውና ዝግባው ተጠብቆ የሚገኘው በአብዛኛው በአድባራትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ ደብር ከብት ችግኙን እንዳይበላው በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተክበዋል። ካህናቱና ምእመናኑ ይህን ካብ ከቅጥሩ አልፎ ወደ ጐረቤቱ ኰረብታ ቢያሰፉት፥ ጥቅሙ ለአጥቢያው ብቻ አይሆንም፤ ከታች እስካለው ግድብ ድረስ ይደርሳል።

የመንግሥት ሹማምንትም ሥራቸውን በሜጋዋት ብቻ አይቊጠሩት። ከግድቡ በላይ ስንት ተራራ ደን ለበሰ፥ የተተከለውስ ችግኝ ስንቱ ጸደቀ፥ ኤሌክትሪኩስ ወደ ስንት ባላገር ምድጃ ደርሶ ማገዶን ተካ ብለው ይጠይቁ። ነዳጅ ከተቃጠለ ይቅርታ የለውም፤ ወንዝና ደን ግን ለሚጠብቃቸው ትውልድ ሁሉ ይመለሳሉ።